ጣቢያ ያለባት ከተማ እና ጣቢያ ያላት ከተማ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። እኔም ጋ ደርሷል፤ ያውም ከተለያየ ሰው። አንዱ ወዳጄ ሲልክልኝ «በል እስቲ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?» የምትል መስመር ጣል አድርጎበታል። ሐዋሳ የራሷ አነስተኛ ኃይል ያለው፣ ማለትም ስርጭቱ ከከተማዋ የማያልፍ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያስፈልጋታል እያልኩ እንደምነዘንዝ ስለሚያውቅ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ «አያስፈልጋትም» ይላል። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ስድብ የለበትም፣ ማንንም አያንቋሽሽም። ለዚህም ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግሁት። የማልስማማበት ግን ብዙ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ እንዳላጣምም መጀመሪያ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ሐዋሳ ቴሌቪዥን አጥታ አታውቅም፤ ደቡብ ቴሌቪዥን መቀመጫው እዚህ ነበር፣ ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም እዚሁ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ዲሽ በሰቀለበት ዘመን ከተማ ብቻ የሚደርስ የመሬት ስርጭት (ያለ ዲሽ፣ በተራ አንቴና የሚያዘው) ያለፈበት ነገር ነው። ሦስተኛ፣ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች በብዛት የተሞከሩት አሜሪካ ነው፤ ትርፉም የሸቀጥ ማስታወቂያና የድሮ ፊልም ሆኗል። አራተኛ፣ የአንድ ከተማ ጉዳይ የቀን ስርጭት አይሞላም። አምስተኛ፣ ገንዘብ የለም። ስድስተኛ፣ ዩቲዩብ እያለ ጣቢያ ለምን? መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንዲት አጭር አንቀጽ፣ ቢከፈትም የአስተዳደሩ አፍ ይሆናል ብለዋል። እኔ ከሁሉም ከባድ ያልኩት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እሳቸው ግን ብዙም ሳይቆዩበት አልፈውታል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ደቡብ ቴሌቪዥን ሐዋሳ መኖሩ እውነት ነው። የተቋቋመው ግን 56 ብሔር ብሔረሰቦች ይኖሩበታል ለሚባል ክልል ነበር። ከጂንካ እስከ ሚዛን፣ ከዱራሜ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን ሁሉ ማዳረስ ነበረበት። በብዙ ቋንቋ መሥራት ነበረበት። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሐዋሳን የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ጉዳይ በስንት ወር አንዴ ያነሳል? ቢያነሳስ ለጂንካ ተመልካች ምኑ ነው? ጣቢያውን አልወቅስም። ሥራው ሌላ ነበር።

ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም እንዲሁ ነው። የሕዝበ ውሳኔው በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ተካሂዶ፣ ሲዳማ በዚያው ዓመት ሰኔ ክልል ሆነ። የክልል ሚዲያ ደግሞ የክልል ሥራ አለበት። ይርጋለም አለ፣ አለታ ወንዶ አለ፣ በንሳ አለ። የቡና ገበሬው ጉዳይ አለ። የሐዋሳ ነዋሪ ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ መሆንም ያለበት ይኸው ነው።

አዳማም ያው ነው። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዳማ ላይ ነው። ሕንፃው እዚያ ስለሆነ ግን ኦቢኤን የአዳማ ከተማ ጣቢያ ነው የሚል የለም። ከወለጋ እስከ ባሌ ያለውን ሕዝብ የሚያገለግል ተቋም ነው። ጸሐፊው የደባለቁት ይህንን ነው፤ ጣቢያ ያለባትን ከተማ እና ጣቢያ ያላትን ከተማ።

ጣቢያ ያላቸውን ማየት ከፈለግን ሩቅ መሄድ የለብንም። አዲስ አበባ አዲስ ሚዲያ ኔትወርክ አላት። ድሬዳዋ ድሬ ቴሌቪዥን አላት። ሐረሪም የራሷ አላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበል፤ እነዚህ በአስተዳደር ደረጃቸው ከሐዋሳ ይለያሉ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ነው፣ ሐረሪ ክልል ነች፤ በጀታቸውም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። የአንድ ከተማ ጉዳይ ጣቢያ አያኖርም የሚለውን ግን ያፈርሰዋል።

ወደ ሁለተኛው። «አነስተኛ ኃይል» ሲባል ብዙ ሰው የተበላሸ ወይም ደካማ ጣቢያ ይመስለዋል። የጸሐፊውም ቃና ወደዚያ ያዘነብላል። ነገሩ ግን የንድፍ ጉዳይ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ፣ በተለይ ዩኤችኤፍ የሚባለው፣ በአብዛኛው የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ከዋቱ ይልቅ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የአንቴናው ከፍታ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ናት። ከተማዋ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ሐይቁ ዳር ታቦር የሚባል ኮረብታ አለ፣ በደቡብ በኩል አላሙራ አለ። ታቦር ላይ ወጥቶ የማያውቅ የሐዋሳ ሰው ካለ ይውጣና ይይ፤ ከሐይቅ ዳር እስከ መናኸሪያ መላ ከተማዋ ከእግሩ ሥር ናት። ዓይን የሚያየውን ሞገዱም ይደርስበታል።

ኃይሉስ? መቶ ዋት የሚያወጣ ትንሽ የዲጂታል ማሰራጫ ከመስመር የሚስበው ከአንድ ኪሎ ዋት በታች ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይበላል። አንድ ምጣድ ከሚፈልገው ባነሰ መብራት የከተማዋን ትልቅ ክፍል መሸፈን ይቻላል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይቀጥላል። ለትልቅ ማሰራጫ ይህ የማይታሰብ ነው።

«የከተማ ጣቢያ ያለፈበት ነው» ለሚሉ ደግሞ ትንሽ ታሪክ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ምን ነበር? ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። በጥቁርና ነጭ፣ ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓት ይሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም። ስሙ የአገር ቢሆንም ሥራው የአንድ ከተማ ጣቢያ ነበር። ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ ሚዲያ የምንለው እንዲህ ነበር የጀመረው፤ በዚያን ጊዜ «ከእንጦጦ ማዶ ለማያልፍ ነገር ምን አስቸኮለ?» ብሎ የዘጋው የለም።

አሁን የጸሐፊውን ጠንካራ ነጥብ ልያዝ። ዲሽ። እውነት ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ጣሪያ ላይ የቀረ የድሮ አንቴና ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ሰው ያየው የነበረው በናይልሳት ነው፣ ከዚያም በኢትዮሳት። የመሬት ስርጭት ለመያዝ ትንሽ አንቴና መግዛት ሊያስፈልገው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ወይም ሪሲቨሩ የዲጂታል የመሬት ስርጭት የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ሌላ ዕቃ። ይህ ወጪ ነው፣ ስንፍናም አለ። አልክድም።

ግን «ሰው ለአንድ ጣቢያ ብሎ ዕቃ አይቀይርም» የሚለው መደምደሚያ ከራሳችን ታሪክ ጋር ይጋጫል። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ኢትዮሳት ሲመጣ ምን ሆነ? ናይልሳት ላይ የነበረው ዲሽ ወደ 57 ዲግሪ መዞር ነበረበት። የሐዋሳ የዲሽ ሠራተኞች በዚያ ሰሞን ቆመው ቡና የሚጠጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሰው ከፍሎ አስዞረ። ሁለቱንም የፈለገ ዲሹ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ሞገዱን የሚይዘው ዕቃ) አስገጠመ። ከዚያ በፊትም በ2008 ቃና ሲጀምር፣ ቻናሉን ለመሙላት የጎረቤት ልጅ ያልለመነ ማን ነው? ሰው የሚፈልገው ነገር ካለ ሪሞቱን ያነሳል፣ ጣሪያም ይወጣል። ጥያቄው የሚያስወጣው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

አሜሪካ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው የተማመኑበት እሱን ነው፣ ብዙ አንባቢም ያሳመነው እሱ ይመስለኛል።

ያሉት በከፊል ልክ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ትንንሽ ጣቢያዎች ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲሸጡ፣ ከሌላ ቦታ በሳተላይት የመጣ ነገር ሲደጋግሙ ይውላሉ። እንዴት እዚያ ደረሱ የሚለውን ግን ጽሑፉ አይነግረንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራ ነው። በ1950ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) በሸለቆ ውስጥ ያሉ ከተሞች የትልልቅ ጣቢያዎች ምስል አይደርሳቸውም ነበር። ኮረብታ ላይ ትንሽ ማሰራጫ ተክለው የሩቁን ጣቢያ እየያዙ ወደ ታች ያስተላልፉ ጀመር። የራሳቸውን ፕሮግራም ማስገባት ግን አይፈቀድላቸውም ነበር፤ መድገም ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1982 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ደንቡን ቀየረ። ትንሹ ማሰራጫ የራሱን ነገር መሥራት ይችላል ተባለ። ማመልከቻ እንደ ጎርፍ መጣ። አልቻሉትም፤ ፈቃዱን በዕጣ እስከማውጣት ደረሱ። ልብ በሉ፣ በዕጣ። ማን ለከተማው ምን ሊሠራ አስቧል የሚለው ቀርቶ ዕድል የወጣለት ወሰደ።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሚ ናችሁ ተባሉ። ትልቅ ጣቢያ ሲመጣ ትንሹ ይነሳለታል። ትልቁ ቢረብሸው መቻል ነው፣ እሱ ግን መረበሽ አይችልም። አብዛኛው ቤት በኬብል በሚያይበት ዘመን፣ ኬብል ኩባንያዎች ትልልቆቹን ጣቢያዎች የመያዝ ግዴታ ሲኖርባቸው ለትንንሾቹ ግን በአብዛኛው ግዴታ አልነበረባቸውም። እስቲ አስቡት። ነገ ልትነሳ የምትችል፣ በኬብል የማትታይ፣ በዕጣ የተሰጠች ጣቢያ። ማን ነው እዚያ ላይ ገንዘቡን አውጥቶ የዜና ክፍል የሚያቋቁም? የዕቃ መሸጫ ትሆናለች እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች?

ይኸው ነገር እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በግልጽ ታየ። መንግሥት ከቴሌቪዥን 84 ሜጋኸርዝ ወስዶ አብዛኛውን ለስልክና ለመሰል ኩባንያዎች በ19.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን ሰጥተው ከጨረታው ገንዘብ መካፈል ይችሉ ነበር። ተራዎቹ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ግን በጨረታው መሳተፍ አልቻሉም፣ ጥበቃም አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ሌላ ቻናል ፍለጋ ሄዱ።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ፤ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ ከትንንሾቹ መካከል «ክላስ ኤ» የሚባል ጥበቃ ያለው ደረጃ ፈጠረ። መስፈርቱ ምን ነበር? በቀን ቢያንስ 18 ሰዓት መሥራት፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሰዓት እዚያው አካባቢ የተሠራ ፕሮግራም ማቅረብ። በሳምንት ሦስት ሰዓት! እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 95,000 ወይም ከዚያ ያነሰ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ባለባቸው ትንንሽ ገበያዎች ላሉ ጣቢያዎች ይህንኑ ዕድል እንደገና ከፈቱ። አንድ ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ከከሸፈ፣ ሕግ አውጪ ተቀምጦ እንደገና አያስነሳውም።

ስለዚህ የአሜሪካ ታሪክ የሚነግረን ትንሽ ጣቢያን ዋስትና ነስቶ የአካባቢ ሥራ ሳይጠይቁ መልቀቅ ወዴት እንደሚወስድ ነው። ከትንሽነቱ ጋር ምን አገናኘው? በነገራችን ላይ «ትንሽ» ያልናቸውም ቢሆኑ እዚያ እስከ 15 ኪሎ ዋት ይፈቀድላቸዋል፣ አንቴናው የሚያጎላው ተቆጥሮ ማለት ነው። ትልልቆቹ እስከ 1,000 ይደርሳሉ። የእኛ መቶ ዋት በእነሱ ዓይን ጨቅላ ነው።

ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ የሚጠቅማቸውን አንድ ምሳሌ እኔው ላቀብላቸው። «ለንደን ላይቭ» የሚባል የከተማ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቶ በ2025 ጥር ተዘጋ። ከባድ ማስረጃ ነው። ግን ለንደን የዓለም ሚዲያ መናኸሪያ ናት፤ የከተማዋን ዜና ትልልቆቹ ቢቢሲና አይቲቪ በየምሽቱ ለብቻ ይሠሩላታል። ከእነሱ ጋር ተፎካክሮ መውደቅ አያስገርምም። ሐዋሳ ላይ ከማን ጋር ነው የምንፎካከረው? የባጃጅ ታሪፍ ሲቀየር እንኳን የምንሰማው ከሾፌሩ ነው፤ ያውም እየተጨቃጨቅን።

ይህ ወደ ፕሮግራሙ ያመጣኛል። «የአንድ ከተማ ወሬ 24 ሰዓት አይሞላም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አይሞላም። ግን ማን ነው 24 ሰዓት ያለው? ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይበቃል። የሁለት ሰዓቱ ዜና ሲጀምር ሰው እንደ ልማዱ ወደ ኢቲቪ ይሂድ። ያንኑ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መድገም ነው። በቀረው ሰዓት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከታች ሙዚቃ፤ ወይም ጭራሽ መዝጋት። ዝም ያለ ጣቢያ ከሚቀባጥር ጣቢያ ይሻላል።

ታዲያ ሁለቱ ሰዓት ምን ይሞላዋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ችግሩ መምረጡ ነው።

ሐይቁን ውሰዱ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ወደ ጥቁር ውሃ የተደፋ ነገር መጨረሻው ሐይቁ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለም። ውሃው ከፍ ሲልም የሚሄደው ወደ እኛው ነው። አገር አቀፍ ጣቢያ ይህን የሚያነሳው ጎርፍ ሲሆን ነው። የከተማ ጣቢያ ግን በየሳምንቱ የውሃውን ከፍታ መናገር ይችላል፤ ዓሣ አጥማጁን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተመራማሪ፣ የሐይቅ ዳር ባለ ቤቱን አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይችላል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዛሬ ቆሮሶ ስንት ዋለ፣ አምባዛስ? ይህች የሁለት ደቂቃ ዝግጅት ናት። ለአዲስ አበባ ተመልካች ምኑም አይደለም። ለሐዋሳ የቤት እመቤትና ለምግብ ቤት ባለቤት ግን ከዓለም ዜና ትቀድማለች።

የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን ውሰዱ። በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በትልልቆቹ ጣቢያዎች የምናየው ምንድን ነው? በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ጭፈራ፣ ከዚያ የባለሥልጣን ንግግር፣ ከዚያ እንደገና ጭፈራ። የበዓሉ ዕለት እንዴት ይታወቃል? አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብ አይተው፣ ቆጥረው ነው የሚወስኑት። ይህን አንድ ሽማግሌ በሲዳምኛ ተረጋግቶ ለአንድ ሰዓት ቢያስረዳው፣ ከሥር በአማርኛ ቢጻፍ፣ እኔ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ጎረቤቱ በየዓመቱ የሚያከብረውን በዓል ከጭፈራው በላይ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። የሳተላይት ጣቢያ ለዚህ አንድ ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱ ውድ ነው። የትንሽ ጣቢያ ሀብት ደግሞ ሰዓት ነው።

ኳሱስ? ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው። ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት ሊጉን በቀጥታ ለማየት የዲኤስቲቪ ክፍያ ያስፈልግ ነበር። ሊጉን የከተማ ጣቢያ አያገኘውም፤ መብቱ የሚሸጥ ነው። የታዳጊዎቹን፣ የትምህርት ቤቶቹን፣ የክፍለ ከተሞቹን ውድድር ግን የከለከለው የለም። ታቦር ከሐዌላ ቱላ ሲጫወት አንድ ካሜራና አንድ ቀልደኛ ኮሜንታተር ይበቃል። ያ ልጅ ነገ ሐዋሳ ከተማ ሲገባ የመጀመሪያ ጎሉ የተቀረጸበት ቦታ ይኖራል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። ኪራይ፣ የማታ ፈረቃ መንገድ፣ ቁጠባ፣ ክፍል መጋራት። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ስለ ፓርኩ ሲያወሩ ስለ ኤክስፖርት ነው። ስለነዚህ ልጆች የምሽት መንገድ ማን ያውራ?

ከሩቅ የሚመጣ ቴሌቪዥን ምን እንደሚጎድለው የእኔ ትውልድ በክፍል ውስጥ አይቶታል። ፕላዝማ! ከ1997 ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት። «አሁን ሥሩ» ይልና ገና እስክሪብቶ ሳናነሳ «ጎበዝ!» ይላል። ምን እንደገባን አያይም፣ አይሰማም። ቴክኖሎጂው ግሩም ነበር። የጎደለው አንድ ነገር፣ ማዶ ያለው ሰው እኛን አለማየቱ ነው። የሐዋሳ መምህር ለሐዋሳ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከፈተናው በፊት፣ ተማሪ ስልክ እየደወለ እየጠየቀ ቢያስጠናስ?

«ይህ ሁሉ ብዙ ብር ይፈልጋል» ለሚሉኝ አንድ ስም ብቻ ልጥራ፤ አባባ ተስፋዬ። አርባ ዓመት ገደማ ስንት ትውልድ ያሳደገ የልጆች ፕሮግራም ነው። ምን ነበረው? ወንበር፣ ተረት፣ የሰውዬው ፊት። ዛሬ ባለ ብዙ ካሜራ ስቱዲዮ ተሠርቶ ከአንድ ወር በኋላ የሚረሳውን ስናይ፣ ፕሮግራም የሚያቆመው ብር ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ስለ ገንዘቡ ግን ከጸሐፊው ጋር ከግማሽ በላይ እስማማለሁ። ማስታወቂያ ከባድ ሆኗል። በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ትልልቆቹም ተናግተዋል። የሐዋሳ ነጋዴ ሀብታም አይደለም። ካሜራውም ማሰራጫውም በዶላር ነው የሚገዛው።

ሆኖም ስሌቱን እስከ መጨረሻው እናድርገው። የሳተላይት ጣቢያ ኪራዩን በየጊዜው ይከፍላል፣ በውጭ ምንዛሪ። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ፣ የኪራዩ ዶላር ባይጨምር እንኳን በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የመሬት ማሰራጫ ዶላር የሚጠይቀው ሲገዛና መለዋወጫ ሲያስፈልግ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት፣ ጥበቃ፣ ደመወዝ፤ ሁሉም በብር። ማስታወቂያውም የተለየ ነው። የሠርግ አዳራሽ፣ የፈርኒቸር ቤት፣ የግል ኮሌጅ፣ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ፤ እነዚህ ለአገር አቀፍ ጣቢያ መክፈል አይችሉም፣ መክፈልም የለባቸውም። ደንበኛቸው ያለው እዚሁ ነው። አሁን የሚያስተዋውቁት ባጃጅ ላይ ድምጽ ማጉያ ጭነው ነው፤ እንቅልፋችንን እየነሱ። አትራፊ ይሆናል አልልም። ወጪውን ይችላል ወይ ነው ጥያቄው፣ በሁለት ሰዓት ስርጭት ሊችል ይችላል።

ዩቲዩብ? አጭር ነው። ይኑር። የተሠራው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ይጫን፣ ውጭ ያለውም የሐዋሳ ልጅ ይይ፣ መዝገብም ይሁን። ግን ዩቲዩብ ብቻ ይበቃል ለሚለው፣ በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ የት ነበርን? በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡስ? ቪፒኤን ያወረደ አየ፣ እናቴ አላየችም። ደግሞም የዳታ ካርድ ሞልቶ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የሚያይ ሰው ካለ ስሙን ላኩልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ። «የአስተዳደሩ አፍ ይሆናል።» ይህን ፍርሃት እጋራለሁ። ጣቢያው በከተማው በጀት፣ በከተማው ሹመት ከተቋቋመ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከንቲባው ችግኝ ሲተክሉ፣ ከንቲባው ሲጎበኙ፣ ከንቲባው ሲያመሰግኑ። እንዲህ ከሆነ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ «ይቅርብን» እላለሁ።

መንገዱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ሦስት ዓይነት ፈቃድ ያውቅ ነበር፤ የሕዝብ፣ የንግድ እና የማኅበረሰብ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ይዞ ቀጥሏል። ትርፍ የማያሳድድ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ የሚያቋቁመው ማለት ነው። በሬዲዮ በኩል እንግዳ ነገር አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፣ የከምባታ አለ። ሐዋሳ ላይ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ጋዜጠኝነትም ያስተምራል። እድሮች አሉ፣ የመምህራንና የነጋዴ ማኅበራት አሉ። እነዚህ ቦርድ ላይ ቢቀመጡ፣ ከተማ አስተዳደሩ አንድ ወንበር ብቻ ቢኖረው ሌላ ነገር ነው። ዋስትና አይደለም። ቦርድም ይጠለፋል፣ አይተናል። ግን «ሊጠለፍ ይችላል» ተብሎ የሚቀር ከሆነ በዚህች አገር የሚከፈት ጣቢያ አይኖርም።

ጸሐፊው ቢገፉበት ደስ የሚለኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚደረገው ሽግግር አገሮች ስለ ስርጭት ሞገድ ባደረጉት የጄኔቭ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ሰኔ መጠናቀቅ ነበረበት፤ እኛ ቀነ ገደቡ አልፎብናል። በዲጂታሉ፣ ድሮ አንድ ጣቢያ ይይዘው የነበረው ባለ 8 ሜጋኸርዝ ቻናል ከአሥር በላይ ጣቢያ ይሸከማል። ሐዋሳ ላይ አንድ ማሰራጫ ቆሞ የክልሉን፣ የአገር አቀፎቹን፣ የዩኒቨርሲቲውንና የከተማውን አብሮ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ ሰው አንቴና የሚገዛው ለአንድ ጣቢያ ብሎ አይሆንም፤ ያ ስለ ዲሽ ያነሱት ጠንካራ ነጥብም ይቀልላል። በዚያ ማሰራጫ ላይ ለከተሞች ቦታ ይያዝ ወይስ ሁሉም ለትልልቆቹ ይሰጥ? ይህ በቅድሚያ መወሰን ያለበት ነው፤ ቦታው አንዴ ከታደለ የሚመልሰው የለም። እሳቸው በዚህ ላይ ቢጽፉ፣ ባልስማማም እንኳ ለዚያ ጽሑፉን ለላከልኝ ወዳጄ ቀድሜ የምልክለት እኔ ነኝ።